የፈንታ ደጅ ጠምበለል

በአንድ ወቅት፣ ዳገት በር በምትባል ከተማ፣ ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ከተማ ማለቴ እንኳ ለክብሯ ነው፤ በዳገት በር አንዱ ጫፍ ላይ ያስነጠሰውን ሰው ሌላው ጫፍ ላይ ያለው «ይማርህ» ይለዋል።

የአትጠገብ ባል አቶ ፈንታ ያገባት ዓመት ጨለማ ገደል ወደሚባለው ጫካ ወርዶ፣ አንድ ጠምበለል ከነሥሩ አምጥቶ ከበራቸው አጠገብ ተከለላት። ጠምበለልን መቼም የማያውቅ የለም። ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፣ ሲያብብ ነጭ በነጭ ይሆናል፣ መዓዛው ከባለቤቱ ቀድሞ ወጥቶ እንግዳ ይቀበላል። ፈንታ ሲኮተኩተውና ፍግ ሲያለብሰው ያየ ሁሉ «ከሚስትህ ይልቅ ለሱ ታደላለህ» እያለ ይተርበው ነበር። ውሎ አድሮ ቤቱም «እነ ጠምበለል ቤት» ተባለ፤ መንገደኛ አቅጣጫ ሲጠይቅ «ከነ ጠምበለል ቤት ከፍ ብለህ» ነው የሚባለው።

ኋላ ፈንታ ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። መከራ ብቻውን አይመጣምና ያን ጊዜ ምስጥ የጠምበለሉን ሥር በልቶ አደረቀው። አትጠገብ ልንገረው አልንገረው እያለች ተጨነቀች። እሱ በየጠዋቱ «አበበ ወይ?» ይላታል፣ እሷ «ሊያብብ ነው» ትለዋለች። አንድ ቀን ፈገግ አለና «አትጠገብ፣ የታመመው ሆዴ እንጂ አፍንጫዬ እኮ አይደለም» አላት። እሷም ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

የመጨረሻዋ ቀን ስትመጣ ፈንታ መምሬ ታዬ፣ የሰፈሩ ሽማግሎችና ታናሽ ወንድሙ ጓንጉል ባሉበት ተናዘዘ። መሬቱን ለሦስት ልጆቹ እኩል አካፈለ። ቤቱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በዳገት በር ልማድ ቤት አይከፈልም፤ ለአንድ ልጅ ይሰጣል፣ ያም ልጅ እናቱን እየጦረ የአባቱን ደጅ ክፍት ያደርጋል። ፈንታ ደግሞ ልጆቹን ሲወድም እኩል፣ ሲቆጣም እኩል የሆነ ሰው ነበር። የበኩር ልጁን ስንሻውን አየው፣ ሴት ልጁን ይመኙሻልን አያት፣ የመጨረሻውን ቢያድግልኝን አየው። ከዚያ «ቤቱ ጠምበለሌን ላጸደቀው ይሁን» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

እንግዲህ ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሷ ነው። አትጠገብ ባሏን የቀበረችው በልቧ «አንተስ ተገላገልክ፣ እኔን ግን መሀል ላይ ጣልከኝ» እያለች ነው። በለቅሶውም ላይ ደረቷን እየደቃች እንዲህ ብላ ሙሾ አወረደች፦

«አበበ ወይ ብለህ ሁሌ ስትጠይቀኝ፣
ሳታየው መሄድህ እኔን አስጠየቀኝ።»

ለቀስተኛው አለቀሰ። ጓንጉልም አለቀሰ፣ ግን ሙሾዋን በልቡ ያዛት።

ጓንጉል ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጅ የበዛበት፣ ቤት የጠበበው ሰው ነው። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ሽማግሎቹን ሰብስቦ፣ ጠምበለሉ እስከ ሙት ዓመቱ ካልጸደቀ ኑዛዜው ፈረሰ ማለት ነው፣ ኑዛዜው የፈረሰበት ቤት ደግሞ ወደ ሟቹ ወንድም ይመለሳል አላቸው። ልማዱ እንደዚያ ነበርና ሽማግሎቹ ነገሩን አጸደቁለት። አያችሁልኝ? ቃሏ ከወዲሁ ሌላ ሥራ ጀመረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አትጠገብ እህል አልዋጥላት አለ። እናት አባቷ አልፈዋል፣ የምትገባበት ሌላ ደጅ የላትም። ጓንጉል «እትዬ፣ አንቺንማ ከጓዳዬ አላጣሽም» ቢላትም፣ በገዛ ቤቷ እንግዳ መሆኑን ልትቀበለው አልቻለችም። በሩ ጋ ደረቁ ጠምበለል የተነቀለበትን ባዶ ጉድጓድ በየጠዋቱ ወጥታ ታየዋለች።

ስንሻው ሚስትና ልጆች አሉት፤ የሚኖረው በአማቾቹ ጓሮ በተቀጠለች አንዲት ክፍል ነው። ዝናቡ ሲገባ ማንንም ሳያማክር አባቱ ወደወረደበት ጨለማ ገደል ወረደ። ቀና ያለ ጠምበለል መረጠ፣ ፀሐይ መውጫን በሚያየው ጎኑ ላይ የመቀነቱን ክር ለምልክት አሰረ፣ ከነአፈሩ ነቅሎ ሥሩን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቀለለና ታቅፎት ሽቅብ መውጣት ጀመረ። መንገዱ ጭቃ ነው። እግሩ ሲከዳው ቁጥቋጦ ይዞ መትረፍ ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ተክሉን መልቀቅ ሊኖርበት ነው። አልለቀቀም። እንዳቀፈው ተንከባለለ። እንጨት ለቃሚዎች ተሸክመው ሲያመጡት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል፣ ጠምበለሉ ግን ቅርንጫፉ እንኳ አልተቀነጠበም። ወጌሻ ሳይጠራ መጀመሪያ እሱ ይተከል አለ። ክር የታሰረበትን ጎን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ፣ በደረቱ ተኝቶ በገዛ እጁ አፈር አለበሰው። ወጌሻው አጥንቱን ገጠመለት፤ እግሩ ግን እንደ ዱሮው አልሆነም፣ ስንሻው አንካሳ ሆኖ ቀረ።

ይመኙሻል ደግሞ ለወንዝ ማዶ ሰው ታጭታ ለጥር ቀን ተቆርጦላት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲያልፍ የደጃቸው የውሃ ጉድጓድ ደረቀ። የተረፈው ምንጭ ከዳገቱ ሥር ነው። ስንሻው ያነክሳል፣ እናቲቱን ወገቧን ያማታል፣ ቢያድግልኝ ሥራ ፍለጋ ከአገር ከወጣ ቆይቷል። ስለዚህ ምንጭ የምትወርደው እሷ ሆነች። ፊቷን የታጠበችበትን ሳይቀር ለጠምበለሉ ታፈሳለች፣ ቀትር ላይ በሰሌን ትጋርደዋለች፣ ውርጭ ሲመጣ ሥሩን ገለባ ታለብሰዋለች። ጥር ሲቃረብ፣ ሰርጉን እስከ ክረምት አቆዩልኝ ብላ ላከች። የሙሽራው ወገኖች ተቀየሙ፤ በቁጥቋጦ ለወጠችን ብለው የሰጧትን ማጫ አስመለሱና ሌላ ልጃገረድ አጩ። አትጠገብ ልጇን ምን ነካሽ፣ ዕድልሽን በእጅሽ ሰበርሽው ብላ ብትጮህባት፣ ይመኙሻል እንስራዋን እያነሣች «እምዬ፣ እኔ ብሄድ አንቺስ የት ትሄጃለሽ?» አለቻት። በዚያ ሁሉ ድርቅ ጠምበለሉ አንድ ቅጠል እንኳ አልጠወለገበትም።

የካቲት ላይ አትጠገብ ትንሽ መተንፈስ ጀምራ ነበር። ተክሉ ሥር ይዟል፣ ቁመቱ ከደረቷ ደርሷል። ጓንጉል መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ቅጠሉን በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ሽማግሎቹ ጋ ሄዶ ይህ ገና አልጸደቀም አላቸው። እንዴት ሲሉት «ሚስቱ ራሷ በአስከሬኑ ፊት ‹አበበ ወይ› እያለ ነው የሞተው ብላ አልቅሳለች። ወንድሜ የፈለገው አበባ ነው። ቅጠልማ ጎመንም አለው» አለ። ሽማግሎቹ አትጠገብን አስጠርተው እንዲህ ብለሽ አላለቀስሽም ወይ አሏት። ምን ትበል? አገር የሰማው ሙሾ አይካድ። አልቅሻለሁ አለች፤ ሽማግሎቹም ካላበበ አልጸደቀም ብለው ፈረዱ። በገዛ አፏ በቤቷ ላይ መሰከረች ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጠምበለሉም እልህ የተጋባ ይመስል ቅጠል በቅጠል ሆነ። ቅርንጫፉ እየተመዘዘ አጥሩን ያዘ፤ እንቡጥ ግን የለ። አትጠገብ በየቀኑ ቅጠሉን እየገለጠች ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ «ነገ ይሆናል» ትላለች። ለባሏ ትነግረው የነበረውን ውሸት አሁን ለራሷ ትነግረው ጀመር።

በዚህ መሀል ቢያድግልኝ ተመለሰ። ከሱ በፊት ሕፃናት ስለሞቱባት ነው አትጠገብ ይህን ስም ያወጣችለት። አድጎላታል፤ ግን ቁም ነገር ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ ያየው ሰው አልነበረም። በወጣበት አገር ከጌሾ ተካይ ቤት ተቀጥሮ ጌሾ ሲቆርጥ ነው የከረመው። ጠምበለሉን አየውና ለእናቱ ይህ ጠግቦ ተኝቷል፣ ጌሾ እኮ ሲቆረጥ ነው የሚብሰው፣ ይህም ካልተቆረጠ አያብብም አላት። ጌሾና ጠምበለል ምን አገናኛቸው አለችው። እሱም እንደማያውቅ አልደበቃትም፤ ዝም ብለን ብናየውም ግን በሙት ዓመቱ የጓንጉል ነን አላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እምዬ፣ ፍቀጂልኝ አልልሽም። ዝም ብቻ በይኝ» አለ።

አትጠገብ ቆማ ቀረች። ቁረጥ ብትል የስንሻውን እግርና የይመኙሻልን ሰርግ በገጀራ አስመታች ማለት ነው። ተው ብትል ደግሞ ቤቱ ሊሄድ ነው። ምንም ሳትል ጓዳ ገባች፣ ምስር አወጣችና መልቀም ጀመረች። ከውጭ የገጀራው ድምፅ ሲመጣ ጠጠሩን ትታ ምስሩን ትጥል ነበር።

ይመኙሻል ከምንጭ ስትመለስ ከጠምበለሉ የቀረው ከጉልበት በታች የሆነ ጉቶ ነው። ቅርንጫፉ ሁሉ መሬት ላይ ተከምሯል። እንስራዋን ቀስ ብላ አወረደች፣ ውሃውን እንደ ወትሮው ጉቶው ሥር አፈሰሰች። ስንሻው ግን ሰምቶ እያነከሰ መጣና ወንድሙን በምርኩዙ መታው። ቢያድግልኝ እጁን አላነሣም። ማን ፈቀደልህ ብለው ሁለቱም ሲያፋጥጡት ማንም አልፈቀደልኝም አለ። አትጠገብ በር ላይ ቆማ ይህን ሰማች፤ ዝምታዋን ልጇ ተሸከመላት፣ እሷም ተሸከምልኝ ብላ ዝም አለች። በዚያች ሰዓት ራሷን ጠላች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ። ወንድማማቾቹ ተኳረፉ፣ ይመኙሻል አጎንብሳ ጉቶ ታጠጣለች፣ ጎረቤት አጥር ላይ እየተንጠለጠለ «አትጠገብ፣ እንጨት ታጠጣላችሁ አሉ» ይላታል። እሷ ሰው ሳያያት በጥፍሯ የጉቶውን ልጥ ፋቅ ታደርገዋለች። ከሥሩ አረንጓዴ ካየች ያን ቀን እህል ትቀምሳለች። አንድ ቀን የፋቀችውን ጎን ቡናማ ሆኖ አገኘችው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እዚያው ቁጭ አለች። ጓንጉል በዚያ በኩል ሲያልፍ ጣራው ወዴት እንደሚያፈስ ሲጠይቃት፣ ወደ ምዕራብ ነው ብላ መለሰችለት። ቤቷን በቁሟ ያስረከበች መሰላት።

የሚያዝያ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጉቶው ላይ ምስር የምታህል ነገር ወጣች። አትጠገብ ለማንም አልተናገረችም፤ ዓይን እንዳያርፍባት በሰፌድ ከደነቻት። በማግስቱ ሌላ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ሰፌዱ አልበቃ አለ። ቀንበጡ ከጉቶው ዙሪያ ተሽቀዳድሞ ተነሣ። ቢሆንም አትጠገብ አላመነችም፤ ቅጠል እንደሆነ ጎመንም አለው።

የሙት ዓመቱ ጠላ እየተጠመቀ ሳለ፣ አትጠገብ ጋን ላይ እንዳጎነበሰች አንድ ሽታ መጣባት። ባሏን ስላሰበች የመጣባት መስሏት አለፈችው። ሽታው አልሄድ አለ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ጠምበለሉ አብቧል፤ ነጭ በነጭ ነው፣ ንብ ይርመሰመስበታል። ጮኻ ልጆቿን ጠራች፤ ሦስቱም ከየአቅጣጫው መጡና ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ቆሙ። ጓንጉል እንኳ ሲመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ወንድሜን ሸተተኝ» ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን ገና አሁን ነው የተጀመረው።

ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ሽማግሎቹ ጠምበለሉ አጠገብ ተቀመጡ። መምሬ ታዬ ተክሉስ ጸድቋል፣ ያጸደቀውስ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ወዲያው ጉባኤው ለሦስት ተከፈለ። አንዱ ወገን፣ ጸደቀ የምንለው ሥር ሲይዝ ነው፣ አምጥቶ በደሙ የተከለው ስንሻው ነው አለ። ሌላው ወገን፣ ስንቱ ተክል ሥር ይዞ በበጋ ይሞታል፣ ጸደቀ የሚባለው ድርቁን ሲሻገር ነው፣ ያሻገረችው ይመኙሻል ነች አለ። ሦስተኛው ወገን፣ እናንተው ራሳችሁ ካላበበ አልጸደቀም ብላችሁ ፈርዳችሁ የለ፣ ያሳበበው ቢያድግልኝ ነው አለ። ባይቆርጠውም በሚያዝያው ዝናብ ያብብ ነበር የሚሉም ነበሩ። አያብብም የሚሉም ነበሩ። ያን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ለማስተያያ ያልተቆረጠ ሌላ ጠምበለል በዚያ ደጅ የለማ።

ልጆቹም ተጠየቁ። ስንሻው እግሩን ወደፊት ዘርግቶ «እኔ ባላመጣው እሷ ምን ታጠጣ፣ እሱስ ምን ይቆርጥ ነበር?» አለ። ይመኙሻል ዓይኗን ሳታነሣ «ያመጣኸው ጭራሮ ይሆን ነበር። የቆረጠውም በድን ይሆን ነበር። ከቆረጠውም በኋላ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች። ቢያድግልኝ «እናንተ የደከማችሁበትን አልክድም። ግን እኔ ባልደፍር ኖሮ ዛሬ የተቀመጥነው በአያ ጓንጉል ደጅ ነበር» አለ።

መቼም ከናንተ መሀል «ታዲያ ለምን አብረው አይኖሩበትም?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። እነሱም መሀል አልጠፋም። ግን ጓንጉል ብድግ አለና፣ ሟቹ ላጸደቀው እንጂ ላጸደቁት አላለም፣ ለአንድ የተባለን ለሦስት ካደረጋችሁ ኑዛዜው ተሸረፈ፣ የተሸረፈ ኑዛዜ ደግሞ የፈረሰ ነው አለ። ልማዱን የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ደግሞም ሦስቱ ፊት ለፊት ሲያዩ አንዱ ለሌላው የሚለቅ ዓይን አልነበረም። ስንሻው ልጆቹን፣ ይመኙሻል ያመለጣትን ትዳር፣ ቢያድግልኝ የበላውን ዱላ እያሰቡ ነው የሚተያዩት።

ሽማግሎቹ ሲያቅታቸው መምሬ ታዬ ወደ አትጠገብ ዞሩ። «ሙሾሽን ምስክር አድርገን ተቀብለናል፤ እንግዲህ ቃሉንም አንቺው ፍቺልን። ለአርባ ዓመት አብረሽው ኖረሻል። ፈንታ ‹ላጸደቀው› ሲል ምን ማለቱ ነበር?»

አትጠገብ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ለአንዱ ብትናገር ሁለት ልጆቿ ተቀይመው ከደጇ ይወጣሉ፤ በዚያ ቂም ማን ይመለሳል? ዝም ብትል ኑዛዜው ይፈርስና ሁሉም ይወጣሉ፣ እሷም አብራ። አንድ ጊዜ ዝም ብላ ቤቷን አትርፋለች፤ ያን ዝምታ ግን የከፈለላት ልጇ ነው። ስንሻውን አየችው፣ ይመኙሻልን አየቻት፣ ቢያድግልኝን አየችው። ፈንታ ለምን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ያን ጊዜ ገባት። እሷ ግን የምትዞርበት ግድግዳ የላትም፤ አገር ሁሉ አፍ አፏን ያያል። አፏን ከፈተች።

እኔ እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ። ተረት ነጋሪ ተረቱን ራሱ ይጨርሳል ይባላል፤ የዛሬውን ግን እናንተ መልሱልኝ፣ ሳትጣሉም አትመልሱ። አምጥቶ የተከለው ነው፣ በድርቅ ያጠጣችው ናት፣ ወይስ ቆርጦ ያሳበበው? ጠምበለሉን ያጸደቀው ማን ነው? ቤቱስ የሚገባው ለማን ነው?